ኢፍራህ ለሠራተኛው የሠራችው ገጽ

ኢፍራህ ሰማታርን መጀመሪያ ያወቅኳት የስቶራችን ኮምፒውተር አልነሳ ብሎ ልትጠግነው የመጣች ዕለት ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ጠጋኞች ሲመጡ ቀጥታ ወደ ማሽኑ ነበር የሚሄዱት። እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምትከፍተው ምንድን ነው?» አለችኝ። የካርቶን መዝገቡን እንደሆነ ነገርኳት። «ከዚያስ?» የመኪና መውጫ ፎርሙን። «ከዚያስ?» እንዲህ እየጠየቀች ግማሽ ሰዓት ወሰደችብኝ። በልቤ ይህቺ ልጅ ሥራ የላትም እንዴ እያልኩ ነበር። ማሽኑን አስነስታ ስትሄድ ግን በየቀኑ የምፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ብቻ ስክሪኑ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው፤ ሌላው ዝባዝንኬ ሁሉ ከፊቴ ተነስቷል። አስራ አንድ ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት።

ፋብሪካችን ድሬዳዋ ውስጥ ማካሮኒና ብስኩት ያመርታል። ማሽኖቹም፣ ሰባት መቶ አርባ የሚሆነው ሠራተኛም ያሉት ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ዋናው ቢሮ ግን ከዚራ ሰፈር፣ ኮሪደሩ ቀዝቀዝ ያለ አንድ የድሮ ቪላ ውስጥ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው፣ ደብዳቤ የሚወጣው፣ ማስታወቂያ የሚለጠፈው እዚያ ነበር። ሠራተኛው አንድ ነገር ለማጣራት ሲፈልግ የእረፍት ቀኑን ሰውቶ ባጃጅ ይዞ ከዚራ ይሄዳል። ይህን እንደ ችግር የቆጠረው ሰው አልነበረም። እኛም ለምደነው ነበር።

ኢፍራህ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ሰማታር የሱቅ ታፔላ ይጽፉ ነበር፤ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በዐረብኛም። ልጅ ሆና አባቷ ቀለም ሲቀቡ እሷ ከመንገዱ ማዶ ትቆምና «አባ፣ ሁለተኛው መስመር ከዚህ አይታይም» ትላቸዋለች። እሳቸውም ያለ ክርክር ያንን መስመር ጠርገው አወፍረው ይጽፉታል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች፤ ሁለት ዓመት ሞባይልና ኮምፒውተር ስትጠግን ቆይታ እኛ ዘንድ ተቀጠረች። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር።

በተቀጠረች በዓመቱ የአስተዳደር ኃላፊያችን አቶ ኃይለመለኮት አዲስ አበባ ስልጠና ሄደው ሲመለሱ አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። ዘመናዊ ድርጅት የሆነ ሁሉ የውስጥ ድረ ገጽ አለው አሉ፤ ለውጭ ሰው የማይታይ፣ ሠራተኛው ብቻ በስልኩ የሚከፍተው፣ የድርጅቱን ጉዳይ ሁሉ የሚያገኝበት። ሥራው ለኢፍራህ ተሰጣት። ሦስት ወር ደከመችበት።

የተመረቀ ዕለት ሁላችንም አዳራሽ ተሰበሰብን። ገጹ ግድግዳው ላይ ሲበራ መጀመሪያ የዋና ሥራ አስኪያጁ ትልቅ ፎቶ ወጣ። ቀጥሎ ራዕያችን፣ ተልዕኳችን፣ እሴቶቻችን መጡ። ቀለሙ የሚያምር ነበር። አጨበጨብን፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ወደየሥራችን ተመለስን።

በወሩ ኢፍራህ ስንት ሰው እንደከፈተው አየች። ከሰባት መቶ አርባ ሰው ሃያ ስድስት። አብዛኞቹ የከዚራ ቢሮ ሰዎች ናቸው። አብዝቶ የከፈተው ደግሞ ማን እንደሆነ ስታጣራ ራሷ ሆና አገኘችው። ይህንን ለማንም አልደበቀችም፤ ለአቶ ኃይለመለኮት ወረቀቱን አትማ ሰጠቻቸው። እሳቸው «ሠራተኛው ገና አልለመደም፤ ማስታወቂያ እናውጣ» አሉ። ማስታወቂያው ወጣ፣ ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ደረሰ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ አሰገደች ከዚራ መጡ። ማሸጊያ ክፍል አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩ፣ ድምፃቸው ከማሽን በላይ የሚሰማ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሐዋሳ ልትመረቅ ነውና የቀራቸው የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን እንደሆነ ለመጠየቅ ነው የመጡት። የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ገብቶ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ኢፍራህ ስታልፍ ስትመለስ አይታቸው ቆመች።

«እትዬ አሰገደች፣ ለዚህማ መምጣት አያስፈልግዎትም ነበር። ድረ ገጹ ላይ አለ እኮ።»

«የቱ ላይ ልጄ?»

«ስልክዎን ይስጡኝ ላሳይዎት።»

ስልካቸው ጠርዙ የተሰነጠቀ ትንሽ ነገር ነበር። ገጹ እስኪከፈት ብዙ ጠበቁ። ከዚያ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ ግንባር፣ ቅንድብ፣ አፍንጫ። እትዬ አሰገደች መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ጥቂት አዩና፣ «ልጄ፣ እኚህ ሰውዬ ከፊቴ ዞር የሚሉልኝ መቼ ነው?» አሉ።

ኢፍራህ ሳቀች። በኋላ ስትነግረኝ ግን ሳቁ ከአፏ ወጣ እንጂ ፊቷ ሲቃጠል ይሰማት ነበር። ፈቃዱ ያለበት ቦታ ለመድረስ ሰባት ጊዜ መንካት አስፈለገ። ሰባተኛው ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እትዬ አሰገደች ስልካቸውን ተቀብለው፣ «ግድ የለሽም፣ የፈቃዱ ሰውዬ ከስብሰባ እስኪወጣ እጠብቃለሁ» አሉና ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ንግግራቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እሷን የከነከናት እሱ ነው።

በማግስቱ ኢፍራህ ጠረጴዛዋን ትታ ፋብሪካው በር ላይ ተገኘች። የበሩ ጥበቃ ዐብዲወሊ ነው፤ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው፣ እሱም ሰውን ሁሉ በስሙ የሚያውቅ ሽማግሌ።

«አዴር፣ እዚህ አጠገብህ ብቀመጥ ይከብድሃል?» አለችው፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው።

«አቦ፣ ለምን ይከብደኛል? ግን ምን ልትሠሪ?»

«ሰው ምን እንደሚጠይቅህ ልጽፍ።»

«ወላሂ ደብተር አይበቃሽም!»

እውነቱን ነበር። ስድስት ቀን በዚያች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ድሬ ፀሐይ ላይ ስድስት ቀን በር ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ውሃ እናመላልስላት ነበር። ዐብዲወሊ ከአንዱ በአማርኛ፣ ከአንዷ በኦሮምኛ፣ ከሌላው በሶማሊኛ ይነጋገራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰርቪሱ መሄዱን ለሦስት ሰው «ሄዷል»፣ «ዴሜራ»፣ «ዉ ተገይ» ብሎ በሦስት ቋንቋ ሲነግር ሰማችው። ነርሷ ገብታለች ወይ? ዛሬ የፈረቃው ተረኛ አለቃ ማነው? ለለቅሶ ስንት ቀን ይሰጣል? የሥራ ጫማ መጣ? የእኔ ፈረቃ ከሰኞ ጀምሮ ወዴት ነው? ኢፍራህ ሁሉንም ጻፈች፤ ቋንቋውንም ጭምር። በስድስተኛው ቀን ስትቆጥራቸው ሦስት መቶ አስራ ሁለት ጥያቄ ሆኑ። አብዛኛው ያው ስድስት ሰባት ነገር ነበር፣ አፍ እየቀያየረ የመጣ።

ወረቀቱን ይዛ አቶ ኃይለመለኮት ቢሮ ገባች። አቶ ኃይለመለኮት ሥርዓት የሚወዱ፣ ክራቫታቸውን በሙቀትም የማይፈቱ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ስለ ራዕያችን የጠየቀ የለም ማለት ነው?» አሉ።

«የለም።»

«ስለ ተልዕኮስ?»

«እሱንም የጠየቀ የለም። ግን ነርሷ ገብታለች ወይ ብሎ የጠየቀ አርባ አራት ሰው አለ።»

እንደገና ወረቀቱን አዩት። «ፎቶው ይውረድ ነው የምትይኝ?»

«አዎ። አንድ ሰው በትንሽ ስልክ ሲከፍተው ፎቶው ብቻውን ደቂቃዎች ይወስዳል።»

አቶ ኃይለመለኮት ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ዋና ሥራ አስኪያጁን እኔ አነጋግራቸዋለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሉ። ምን ብለው እንዳነጋገሯቸው እስከ ዛሬ አልነገሩንም። በሳምንቱ ግን ፎቶው ወርዷል።

አዲሱ ገጽ ሲከፈት ወዲያው ነው የሚመጣው። ስድስት ትላልቅ ሥዕሎች ብቻ አሉበት፤ መኪና፣ ሰዓት፣ ቀን መቁጠሪያ፣ ክሊኒክ፣ ጫማ፣ ሰሌዳ። አንዱን ስትነኩት መልሱ እዚያው ነው። ማንበብ የሚቸግረው ሰው የድምፅ ማጉያዋን ምልክት ሲነካ በሚፈልገው ቋንቋ ይነገረዋል። ስልክ ለሌለው ደግሞ በሩ አጠገብ አንድ ስክሪን ተተከለ።

ድምፆቹን የቀዳነው እኔ ዘንድ ስቶር ውስጥ ነው፤ የካርቶኑ ክምር የማሽኑን ጩኸት ስለሚውጠው። አማርኛውን እትዬ አሰገደች አነበቡ። ኦሮምኛውን ሊጥ ክፍል የምትሠራው ሀምዲያ፣ ሶማሊኛውን ዐብዲወሊ። ዐብዲወሊ የደንብ ልብሱን አስተኩሶ መጣ። «ድምፅህ እንጂ ልብስህ አይታይም እኮ» ስለው ኮስተር ብሎ «እኔ ግን አየዋለሁ» አለኝ። እትዬ አሰገደች «ነርሷ ዛሬ አልገባችም» የሚለውን ሲያነቡ መርዶ የሚያረዱ ያህል ድምፃቸው ስለሚሰበር ኢፍራህ አራት ጊዜ አስደገመቻቸው።

የከበደው ፈረቃው ነበር። የምርት ክፍል ፎርማን ጋሽ ጉግሳ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ እሱም በሰዓት የማይቀልድ ሰው። ፈረቃ የሚወጣው ከእሱ ጥቁር ደብተር ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ የሚጀምረውን የጠዋቱን ፈረቃ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ማን እንደሚያገኘው የሚወስነው ደግሞ እሱ ነው። ኢፍራህ ዝርዝሩ ገጹ ላይ እንዲወጣ ስትጠይቀው ደብተሩን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ያንቺው ስንት ወር ሆነው?» አላት። ከአስተዳደር ትእዛዝ ሲመጣ ግን በየሐሙሱ ዝርዝሩን በወረቀት ገልብጦ ይሰጣት ጀመር። እሷም ስሙንም ሰዓቱንም በእጇ እየመታች ታስገባዋለች። ሁለት ወር ያለ እንከን ሄደ። ሰው ገጹን መክፈት ለመደ። በሳምንት አራት መቶ፣ አምስት መቶ ሰው ደረሰ።

ከዚያ ስህተቱ መጣ። በእጅ መምታቱ ጊዜ ስለፈጀባት ኢፍራህ ዝርዝሩን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያዘጋጀው አደረገች። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት የሚገባውን ፈረቃ «6፡00 ሰዓት» ብሎ አወጣው። በዚያው ሰሞን በመብራት መቆራረጥ ምክንያት የሥራ ሰዓት ሊቀየር ነው የሚል ወሬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ግማሹ ባዶ ሆኖ መጣ። ማሸጊያው መስመር ሲቆም ስልክ ተደወለ፣ ግርግር ሆነ። ልክ በስድስት ሰዓት፣ አናት በሚበሳው ፀሐይ፣ አርባ አንድ ሰው ንጹሕ ለብሶ፣ ሰዓቱን አክብሮ፣ በሩ ላይ ደረሰ።

ጋሽ ጉግሳ ደብተሩን አውጥቶ ሁሉንም የግማሽ ቀን ቀሪ ብሎ መዘገባቸው። ደንቡ ነው። ለአቶ ኃይለመለኮትም ገጹ ይዘጋ ብሎ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ገጹ ተዘጋ።

ኢፍራህ መጋላ ቤቷ ገብታ ራትም አልበላችም። አባቷ ምን እንደሆነች ጠየቋትና ነገረቻቸው። ሰማታር አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ታፔላ መጻፍ ካቆሙ ቆይተዋል። አንድ ጊዜ የአንድ ዱቄት ነጋዴን ስም በትልቅ ፊደል አሳስተው መጻፋቸውን ነገሯት። ነጋዴው ጨለምለም ሲል መጥተህ አስተካክለው፣ ሰው ይስቅብሃል ብሎ ለምኗቸው ነበር። «እኔ ግን ገበያ በሞላበት ሰዓት መሰላል አቁሜ ጻፍኩት» አሏት። «ስህተቱን ያየው ሰው ሁሉ ሲታረምም ማየት ነበረበት። ሁለት ቀን ሳቁብኝ፤ ከዚያ ሥራ ይዘው መጡ።»

በማግስቱ ፈረቃ ሲቀያየር ኢፍራህ ካፍቴሪያው ፊት ለፊት ብስኩት የሚጫንበት ፓሌት ላይ ወጣች። የሚወጣውም የሚገባውም እዚያ ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። «ሰዓቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች። «እናንተ የተጻፈላችሁን ነው ያነበባችሁት። ማሽኑን ሳልፈትነው ለቀቅኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ይህንኑ በሶማሊኛ ደገመችው። ኦሮምኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ቢሆንም በኦሮምኛም አለችው። ከዚያ ሀምዲያ ከኋላ ጮኸች፦ «አቦ፣ እሺ! ነገ በስንት ሰዓት እንግባ ታዲያ?»

«ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም ሳቀች፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

ቀጥላ ከዚራ ሄዳ ደብዳቤ ጻፈች። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ አርባ አንዱ ሰዎች ላይ የተጻፈው ቀሪ እንዲሰረዝ፣ ቅጣት ካለ ለእሷ እንዲሆን። አቶ ኃይለመለኮት ደብዳቤውን ፊት ለፊቷ አነበቡ። ቀሪው ተሰረዘ። ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ማኅደሯ ውስጥ ዛሬም አለ። ገጹን ለመክፈት ደግሞ የፎርማኑ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለች።

ለጋሽ ጉግሳ ምን ብላ እንደምትነግረው ስታስብ እሱ ራሱ መጣ። እኔ ዘንድ ስቶር ውስጥ ኮምፒውተር ስታይልኝ ነበር። ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እኔ በዚህ ደብተር አልተሳሳትኩም እንዳልልሽ፣ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ» አለ። «ግን እንዳንቺ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።» ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ሰዓቱን በቁጥር ብቻ አትጻፊው። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ብለሽ ጻፊ። የፀሐይና የጨረቃ ሥዕልም አድርጊበት። ደግሞ ስም ብቻ አይደለም ያለው እዚህ፤ ነይ ላንብብልሽ።»

ሁለቱም ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ጉግሳ ሕፃን የሚያጠቡትን፣ አስም ስላለበት ዱቄት ወፍጮ አጠገብ የማይመደበውን፣ ከሽንሌ ስለሚመጣ የመጨረሻው መኪና የሚያመልጠውን፣ ሁሉንም በየስሙ አጠገብ በራሱ ምልክት ጽፎት ነበር። እኛ አድልዎ የምንለው ግማሹ ይህ ኖሯል። ኢፍራህ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጽፍ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ጉግሳ ዝርዝሩን በራሱ ስልክ ከፍቶ፣ በድምፁም አዳምጦ፣ ፈረመላት፤ ገጹም ተመልሶ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ በሰዓት የተሳሳተ የለም። ከዚራ ኮሪደር ላይ የነበሩት ወንበሮች ተነስተው ወደ ካፍቴሪያችን መጥተዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኢፍራህ ያላሰበችው ነገር ነው። ረመዳን ሲቃረብ አንዲት የማሸጊያ ሠራተኛ፣ ዱኒያ የምትባል፣ በገጹ ሐሳብ መስጫ ላይ በድምፅ «ጾሜን ለመፍታት ለፊጥር ቤቴ እንድደርስ ፈረቃ የሚቀይረኝ ሰው እንዴት ላግኝ?» ብላ ትታ ነበር። ኢፍራህ ይህን ሰምታ ሰው ከሰው ፈረቃ የሚለዋወጥበትን ቦታ ሠራች፤ ሁለቱ ይስማማሉ፣ ጋሽ ጉግሳ አይቶ ያጸድቃል። ለዱኒያ መጀመሪያ የቀየሩላት እትዬ አሰገደች ነበሩ። በዚያ ረመዳን ዘጠና ስድስት ሰው ተቀያየረ። ለፋሲካ ደግሞ ሙስሊሞቹ ገና ሳይጠየቁ ስማቸውን ማስገባት ጀመሩ። ጋሽ ጉግሳ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን እያየ፣ «ለነገ የሚገባ ሰው አጣለሁ ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ተርፎኛል» ሲል ሰምቼዋለሁ።

አሁን ኢፍራህ ብቻዋን አይደለችም። ሃኒ የምትባል ልጅ ተቀጥራላታለች፤ የመጀመሪያ ሳምንቷን በር ላይ እንድታሳልፍ አድርጋታለች። ኢፍራህን ሌላ ድርጅት የተሻለ ቦታ እንሰጥሻለን ብሎ ጠርቷት እንደነበር ሰማሁና ጠየቅኳት። «የሹፌሮቹን ሳልጨርስ የትም አልሄድም» አለችኝ። ሹፌሮቻችን ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ደወሌ ጭነው ሲወጡ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም፣ ስልክም በአንድ እጅ ነው የሚነኩት፤ ገጹ ለእነሱ አልተመቸም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የጭነት ወረቀት ልሰጥ ወደ መኪናው ስጠጋ፣ ከሹፌሩ ከዒልሚ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ጭኗ ላይ ደብተር፣ ከእግሯ ሥር የውሃ ጀሪካን።

«ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«እሱን ዒልሚን ጠይቀው» አለችኝ። መኪናው ተነሳ፤ እሷ ገና ከበሩ ሳይወጡ ዒልሚን መጠየቅ ጀምራ ነበር።